የትንሣኤ መልእክት፦ ጎረቤት ለምትጋብዙ የቤት ኅብረቶች

ውድ ወገኖች፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስሟን ያገኘችው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ነው። ሥሯ በ1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ “የሚጠመቀው አምኖ የመሰከረ ሰው ነው” ብለው ከተነሡት አናባፕቲስቶች ይመዘዛል። ጠላትን መውደድ፣ ለበቀል እጅ አለማንሣት የሚለው ትምህርትም የመጣው ከዚያው ነው። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማንሣት የፈለግነው የሳሎኑን ጉዳይ ነው፦ ጥቂት ሆኖ በየቤቱ የሚሰበሰበው የቤት ኅብረት ጎረቤቱን እንዴት ይጋብዝ?

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የጸሎት ቤቶቿን ዘግቶ፣ ንብረቷን ወርሶ፣ መሪዎቿን ሲያስር ምእመናኑ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት መድረክም ድምፅ ማጉያም አልነበረም፤ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ የበዓል በጀት ሲያዝ መጀመሪያ የሚታሰበው የድምፅ መሣሪያ ኪራይ መሆኑ ትንሽ ይገርማል።

ጎረቤት ለመጥራት ካሰባችሁ የፋሲካን ዕለት ተዉት። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ 55 ቀን ጾሞ የሚፈታው ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ አትሻሙት። ከዚያ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የትኛውም ቀን ይመቻል። ሙስሊም ጎረቤት ካለ ደግሞ ዶሮውን “ትንሽ ቅመስ” እያሉ ማስጨነቅ ነውር ነው። ሽሮና ምስር በዘይት ለብቻው ይሠራለት፤ ማማሰያውም ዶሮ ወጡ ውስጥ የገባ አይሁን። እንግዳው ባይጠይቅም ያያል።

ቁጥሩንም አስቡበት። ስምንት አማኝ አንድ እንግዳ ከብቦ ሲቀመጥ ምርመራ ይመስላል፤ ሦስት ለሦስት ጥሩ ነው። የማዕዱ ጸሎት አጭር ይሁን፣ በጸሎት ስም ስብከት አይጀመር። የትንሣኤው ነገር ብዙ ጊዜ ቶና ላይ፣ እንግዳው ራሱ ሲጠይቅ ይነሣል። ካልጠየቀም በረካውን ጠጥቶ ይሸኝ። ጥሪው የሚከሽፈው ይበልጡን ከዚያ በኋላ ነው፦ እርሱ በተራው ሲጠራን “ፕሮግራም አለን” ብለን እንቀራለን። ሂዱ፣ ብሉ፣ ልቅሶውም ላይ ተገኙ።

ኅብረቱ ከ12 ሰው በላይ ሲሆን ይከፈል፤ ግን ረዳት መሪው ከወራት በፊት እያስተማረና እየጸለየ የተለማመደ ይሁን። በችኮላ የተከፈለ ቡድን ክረምቱን ሳይሻገር ይበተናል።

ማረሚያ ቤት ለምትሄዱ አንድ ነገር ብቻ፦ ሳታበስሉ በፊት ምን እንደሚገባ አስተዳደሩን ጠይቁ። ከበር የተመለሰ ድስት የሁለቱንም ወገን በዓል ያበላሻል።

መልካም የትንሣኤ በዓል!