ጎንደር ሆኜ ባህር ላይ ያሉ የነፋስ ተርባይኖችን ያጠናሁበት መንገድ

የማስተርስ ጽሁፌ ባህር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች ውሃውንና ከስር ያለውን ደለል ምን ያደርጉታል የሚል ነበር፣ ጎንደር ሆነሽ ባህር ከየት ታመጫለሽ ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ጣናን እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ጉዳዩ ከልቤ ነው፣ ደሞ የላንድሳት 8 የሳተላይት ምስል ለማንም በነፃ ነው፣ አንዱ ወደ 1 ጊጋ ስለሚሆን ማታ ኔትወርኩ ቀለል ሲል ዳውንሎድ አድርጌው እተኛለሁ።

የመረጥኩት እንግሊዝ ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ባህር የሚገባበት አካባቢ ያሉትን ታኔትና ለንደን አሬይ የሚባሉ ሁለት የተርባይን ጣቢያዎች ነው፣ አንዱ 100 ሌላው 175 ተርባይን አላቸው። የመጀመሪያውን ምስል ስከፍት ከየምሰሶው ኋላ ቡናማ ጭራ ተዘርግቷል፣ ኪሎሜትሮች ይሄዳል። በቃ ብክለት አገኘሁ ብዬ በዛው ሌሊት ሁለት ገፅ ጻፍኩ። የሌላ ቀኑን ስከፍት ግን ጭራው ሁሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሯል። ለካ ባህሩ እዛ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ውሃው ሲሄድም ሲመለስም ምሰሶውን እየመታ ይሽከረከርና የታችኛውን ደፍራሳ ወደላይ ያወጣዋል፣ ያየሁት የባህሩን የራሱን ጭቃ ነው እንጂ ከተርባይኑ የወጣ ኬሚካል አይደለም። ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም፣ ደፍራሳ ውሃ ብርሃን ይከለክላል፣ ግን መደፍረስና መመረዝ ለየብቻ ነው የሚለኩት። ሁለቱን ገፅ አጠፋሁ።

መመረዙን ሳተላይት አያሳይም። ብዙዎቹ ምሰሶዎች ላይ ብረቱ እንዳይዝግ አኖድ የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ይታሰራል፣ ዚንክና ትንሽ ኢንዲየም አለበት፣ ስራው በብረቱ ፋንታ እየተበላ ማለቅ ስለሆነ የሚሟሟው ባህር ውስጥ ይቀራል። ይሄ የሚታወቀው ውሃና ደለል ተቀድቶ ላብራቶሪ ሲገባ ነው፣ እኔ የተጠቀምኩት ሌሎች ያሳተሙትን ዳታ ነው፣ እዚህም ላይ ተሳስቼ ነበር። ጭቃማ ቦታ ተርባይን ባይኖርበትም ከአሸዋማው የበለጠ ሜታል ይይዛል፣ ስለዚህ ከ63 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በታች ያለውን ደቃቅ ብቻ ነጥሎ ማወዳደር ወይ ደሞ ውጤቱን የደቃቁን ሸክላ አፈር መጠን በሚያሳይ ንጥረነገር ማካፈል ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው በአሉሚኒየም ያካፍላል እኔም አካፈልኩ፣ ተጠርጣሪው ራሱ አሉሚኒየም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው! ወደ ሊቲየም ቀይሬ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ሰራሁት፣ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። በዛ ላይ ምሰሶው ላይ የሚለጠፉት ዛጎል ለባሾች ኩሳቸው ወደ ታች ይወርድና ደለሉን ራሱን ያደቅቀዋል፣ ቤልጅየም ውስጥ ቶርንቶንባንክ የሚባል የባህር ተርባይን ጣቢያ ላይ ይሄ ታይቷል፣ ስለዚህ ጭቃማነቱም አንዳንዴ ከተርባይኑ የመጣ ነው።

ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልገባ ሲለኝ ጎርጎራ ወረድኩ። ውሃው ምን ያህል እንደደፈረሰ በስንት ጥልቀት ከአይን እንደሚጠፋ አይቼ ልለካበት ሳህን ጥቁርና ነጭ ቀብቼ፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲ ምልክት አድርጌ፣ ከአንድ ሽማግሌ አሳ አስጋሪ ጋር በጀልባ ወጣን። የመገጭ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አፍ ላይ ሳህኑ አንድ ክንድ ሳይወርድ ጠፋ፣ ራቅ ስንል ግን ቆይቶ ነው የጠፋው።

"ልጄ፣ ድሮ እኮ እዚህ ጋ ታቹ ይታይ ነበር" አሉኝ።

"ስንት አመት ይሆነዋል ጋሼ?"

"እሱንማ ማን ጻፈው።"

የነፋስ ተርባይን ጥናት ላይ በፊትና በኋላ፣ ተርባይን ባለበትና በሌለበት ካልተለካ ምንም ማለት አይቻልም ሲባል አንብቤዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ተመልሼ ከመተከሉ በፊት የተለካ ዳታ የሌለውን ቦታ ሁሉ ከሰንጠረዡ አወጣሁ፣ በጣም አነሰ፣ አማካሪዬም መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር፣ ግን የቀረው ላይ እተማመናለሁ። ጋሼ ጀልባ ላይ ደግሞ አሁን አንድ ደብተር አለ፣ ሳህኑ የጠፋበትን ጥልቀት ከነቀኑ እንጽፍበታለን።