ትኩሳቱ ቢለቀውም ልጄን ትምህርት ቤት አልላክሁም

ልጅ ሲያመው "ይሂድ ወይስ ይቅር?" የሚለው ብዙ ጊዜ አያስቸግረኝም። ንፍጥና ቀላል ሳል ብቻ ከሆነ፣ ቁርሱንም ከበላ ይሄዳል። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ይቀራል፤ ካቆመለት በኋላም ሁለት ቀን ይቆያል። ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣ ቢያንስ 4 ቀን። ጠዋት ፓራሲታሞል ሽሮፕ አጠጥቶ መላክ ግን እኔ ቤት የለም። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ የሚያገለግለው ለ4 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ክፍል ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

የማልስማማው ትኩሳት ላይ ነው። "ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ካላተኮሰው ይመለስ" ይባላል። ለጉንፋን ይሁን። ደንጊ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ፣ ለሚመላለስባት ድሬዳዋ ግን አይበቃም።

ልጄን እሁድ ማታ አተኮሰው። "ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል" ይል ነበር። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ወባ የለበትም ተባለ፣ ሽሮፕ ታዘዘለት። ረቡዕ ከሰዓት ትኩሳቱ ለቀቀው። ፊቱ ግን አላማረኝም። ስትጠራው ቶሎ አይመልስም፣ የሚወደውን ማንጎ እንኳ ገፋው። ሐሙስ ፈተና ነበረው፤ አስቀረሁት።

ዩኒት ሊደሩ ጋ ስደውል "ትኩሳቱ ከለቀቀው ቤት ምን ይሠራል? የሕክምና ወረቀት ካላመጣሽ ፈተናው ዜሮ ነው" አለኝ። ልጁን ለእህቴ ትቼ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እዚያ ደግሞ "አሁን ትኩሳት ከሌለው ምን ብለን እንጻፍ?" አሉኝ። ሰኞ ያያችሁት ልጅ ነው ብል ካርዱ አልተገኘም። ካርዱ ሲገኝ ማህተም የያዘችው ምሳ ወጥታለች። በዚያ የድሬ ሙቀት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እህቴ ደወለች። "ሆዱን ይዞ ተጣጥፏል፣ ደጋግሞ አስመለሰው፣ ድዱም ይደማል።"

ወረቀቱን ትቼ በባጃጅ በረርኩ። ሆስፒታል ሲደርስ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ወርዷል፤ ወዲያው ግሉኮስ ተሰቀለለት። ሐኪሙ ደንጊ መሆኑን ነገረኝና "አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚጀምረው" አለኝ። ያን ጠዋት ፈተና ክፍል ቢሆን ኖሮ ድዱን ማን ያይለት ነበር?

ልጄ ዳነ፣ ተመስገን። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ዩኒት ሊደሩ አገላብጦ አየና "ይሄ ከሐሙስ ጀምሮ ነው የሚለው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕስ?" አለኝ። እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ትኩሳቱ ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ከለቀቀው በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን አስቀምጡት፤ የደንጊ አስጊ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ከአፍንጫ ወይም ከድድ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሽንት መጥፋት ካያችሁ ቀጥታ ሆስፒታል። ፈሳሽ አብዝታችሁ ስጡት። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፤ ፋርማሲው አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ቢሰጣችሁ መልሱ፣ መድማቱን ያብሳሉ። ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። የደንጊ ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፤ ያተኮሰውን ልጅ ነክሳ በሽታውን ለሌላ ታደርሳለች። ታማሚውን ማስቀረት ለክፍል ጓደኞቹም ነው። ውሃ በበርሜል የምናጠራቅም ሰዎች ነንና በርሜሉን ክደኑ። የልጄ ትምህርት ቤት መጸዳጃ አጠገብ ያለው በርሜል ክዳን አልነበረውም፤ ስለ እሱም ተናግሬያለሁ።

ወረቀቱን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ ሲያተኩሰው፣ እዚያው ካርድ ክፍሉ ሳይዘጋ አጽፉ። የጀመረበት ቀን በትክክል መሞላቱን እዩ፣ ማህተሙን እዩ፣ ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።