ድሬ ላይ ለብሔራዊ ፈተና ማጥናት፦ ሙቀቱ፣ ሌሊቱና ጭንቀቱ

ግንቦት ገብቶ ድሬ እንደ ምጣድ ስትግል፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ከሩቅ ይለያል። ሰፈሩ በራፍ ላይ ወጥቶ ነፋስ ሲቀበል፣ የዚያ ቤት አንድ መስኮት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይበራል። ወላጅ በዚያ መብራት ይኮራል። እኔን ግን መብራቱ ያሳስበኛል፤ አብዛኛው ጭንቀት የሚጠነሰሰው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ስለሚያስፈራው ቁጥር። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። ይሁንና ቁጥሩ የአገሪቱን ተፈታኝ በሙሉ የያዘ ነው፤ መምህርና መጽሐፍ የጎደለውን ትምህርት ቤት ሁሉ ጨምሮ። የአንድ ተማሪን ዕድል አይናገርም። የእናንተን የሚናገረው ሰዓት ይዛችሁ የሠራችሁት ያለፈ ዓመት ፈተና ውጤት ነው። ደግሞም 50 ያልሞላ ሁሉ በሩ አልተዘጋበትም፤ የተቆረጠውን ነጥብ ያሟላ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አለው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ሰውን አያሰንፍም፣ ትከሻውን ያቀለዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ድሬ ላይ የአዲስ አበባን የጥናት ፕሮግራም ገልብጦ መያዝ አያዋጣም። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊዚክስ የያዘ ተማሪ አንድ ገጽ አራት ጊዜ ያነብና «ጭንቅላቴ አልሠራ አለ» ይላል። ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ክፍሉ ነው የጋለው። ከተማው ራሱ እኩለ ቀን ላይ ጋደም የሚለው በምክንያት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ከባዱን መሥራት፤ ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት መተኛት። ከ11 ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ቀለል ያለውን መከለስ። ምሽት 4 ሰዓት ላይ መተኛት። ሲደመር ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ከዚያ ማነስ የለበትም። ቀን የተጠናው ነገር ጸንቶ የሚቀመጠው ሰው ሲተኛ ነውና ሌሊቱን መቀነስ የተጠናውን መቀነስ ነው። ቡና ከ9 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ ይመረጣል፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ አለ።

ውሃም አለ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ራስ ምታት፣ የልብ መምታትና ብስጭት ሲመጣ ሁሉም «ፈተናው ነው» ይላል። ከዚያ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቶ፣ ፎጣ አርጥቦ ማጅራት ላይ አድርጎ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ። አንዳንዴ ጭንቀት የተባለው ጥም ሆኖ ይገኛል።

ጫትን ሳላነሳ ካለፍኩ ድሬንና ሐረርን አላውቃቸውም ማለት ነው። አወዳይ ቅርብ ነው፣ ጓደኛ «ለጥናት ብቻ» ብሎ ያመጣዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ያፈጥናል። ምርቃናው ሲገባ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ተማሪው ማስታወሻውን በሦስት ቀለም እያሰመረ ምዕራፉን ይጨርሳል። ጠዋት ባዶ ወረቀት ሰጥታችሁ «ትናንት ያነበብከውን ጻፍ» በሉት። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ገባኝ ማለትና ማስታወስ ይለያያሉ፤ ምርቃናው የሚሰጠው የመጀመሪያውን ስሜት ነው። ከዚያ ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ቢመጣም በዱካክ፣ በሚያስጨንቅ ቅዠት ነው። የሁሉም ክፉ ግን ፈተናው ለብዙዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ የሚወሰድ መሆኑ ነው። እዚያ ቅጠሉ የለም። የለመደ ልጅ የፈተናውን ቀናት በሀራራ፣ በድካምና በእንቅልፍ ያሳልፋል። የሚቅም ካለ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም። ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ይህችን ቸል አትበሏት።

ፍርሃትን የሚቀንሰው የተጠናው ገጽ ብዛት አይደለም፣ ፈተናውን ራሱን መለማመድ ነው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ያለፈ ዓመት ፈተና ያዙ፤ ስልክ ሌላ ክፍል፣ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ፣ መሀል ላይ መነሳት የለም። 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ያልፈታችሁትን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ ደብተር ላይ አስፍሩና ከጎኑ ምክንያቱን ጻፉ፦ አላውቀውም ነበር፣ አውቄው ተሳሳትኩ፣ ወይስ ሰዓት አለቀብኝ? ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የማታውቁት ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመልሳችኋል። አውቃችሁ የተሳሳታችሁት፣ ለምሳሌ የድምርን ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር አድርጎ መበተን፣ በማግስቱና በሳምንቱ አምስት አምስት ተመሳሳይ ጥያቄ በመሥራት ይታረማል። ሰዓት ያለቀበት ሰው ደግሞ ተጨማሪ ንባብ አይጠቅመውም፣ ፍጥነት ነው የጎደለው። ብዙ ተማሪ ሦስቱን ቀላቅሎ «ማትስ አይገባኝም» ይልና ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ይጀምራል፤ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ይሄዳል።

ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጣ» የሚሉ ቻናሎች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. ፈተና በእርግጥ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ ወሬው ዛሬም የሚታመነው ለዚህ ይመስለኛል። ያ ግን ላየውም ላላየውም ድጋሚ መፈተንን ነው ያመጣው። ከፈተናው አንድ ወር ቀድማችሁ ከቻናሎቹ ውጡ።

ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ። «ስንት ታመጣለህ?» እና «የእነ እከሌ ልጅ» የሚሉት ሁለቱ ከምሳ ሰዓት ይውጡ። «ዛሬ የቱ ከበደህ?» በቂ ነው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ካልተኛ፣ ምግብ ካቆመ ወይም መሞትን ካነሳ ግን ይህ የፈተና ነገር ብቻ አይደለም። ውጤት ይጠበቅ ሳትሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ድሬ ላይ ድል ጮራ አለ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና።

የፈተና ምደባው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ጃኬትና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚያድር የድሬ ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያነጋል፣ ጠዋት ፈተና አለበት። ስልክ አይገባም፣ ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ድምፃችሁ ጠፋ ብለው እንዳይረበሹ።

አዳራሽ ውስጥ ፊደሉ ሲደበላለቅ እርሳሱን አስቀምጡ። በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ አሥር ጊዜ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ቤት ውስጥ ልምምድ ላይ ያልተሞከረ እዚያ አይሠራም። ከዚያ እርግጠኛ ከሆናችሁበት ጥያቄ ጀምሩ፣ ቁጥር 1 መሆን የለበትም። በወረቀት ለሚፈተን አደጋው እዚሁ ላይ ነው፦ 14ን ዘልሎ የ15ን መልስ 14 ላይ ማጥቆር። አንዴ ከተንሸራተተ እስከ ገጹ መጨረሻ ይንሸራተታል። በየአምስት ጥያቄው የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ መስጫውን ቁጥር በጣት አስተያዩ፤ ስትዘሉ ደግሞ መልስ መስጫው ላይ ሳይሆን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ።