30 ደቂቃ ነኝ የሚለው ዘፈን

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሬድዮ ጣቢያ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር። መደቤ ቴክኒሻን ይባል እንጂ ከጄኔሬተር እስከ ማይክሮፎን፣ ከፕሪንተር እስከ ሰብሳቢው ስልክ ድረስ የማልጠራበት ነገር አልነበረም።

አንድ ምሽት 5 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የጣቢያው ዘበኛ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሬድዮ ከጆሯቸው አይለይም።

«አንተ ልጅ፣ ሬድዮናችን ዝም ብሏል። መብራት እኮ አለ!»

መብራት እያለ ዝም ማለቱ ነበር ያስደነገጣቸው። እኔንም። ባጃጅ ለምኜ ደረስኩ። በዚያ ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ሰው የለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያጫውተው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰዓት የዘፈን ዝርዝር ያዘጋጃል። ርዝመታቸውን ይደምርና 60 ደቂቃ ሲሞላለት ያቆማል። ስክሪኑን አየሁ። ለዚያ ሰዓት የመረጠው 2 ዘፈን ብቻ ነው። ሁለቱም 30 ደቂቃ ይላሉ። 30 እና 30፣ ሰዓቱ ሞላ ማለት ነው።

ዘፈኖቹ ግን እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ ብቻ ናቸው። 12 ደቂቃ ዘፈን፣ 48 ደቂቃ ጸጥታ።

ጠዋት አለቃዬ ቢሮው ጠራኝ። ፍቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሊገባ ሳምንት ነው የቀረው። «በዓሉን ዩኔስኮ ሳይቀር መዝግቦታል። እኛ ዝምታ ልናሰራጭበት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዘፈን ክምችቱን የሚይዙት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። 30 ደቂቃ የሚሉትን ፋይሎች ዝርዝር አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

«እነዚህ እኮ የየካሴቱ መጀመሪያ ናቸው። ሳይድ ኤ አንደኛ፣ ሳይድ ቢ አንደኛ።»

እውነትም! ዘፈኖቹ የተገለበጡት ከካሴት ነው። አንዱ የካሴት ገጽ እንዳለ በአንድ ፋይል ይቀዳል፣ 30 ደቂቃ። ከዚያ በመቁረጫ ፕሮግራም በየዘፈኑ ይከፋፈላል። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ኤምፒስሪ ፋይል የትንንሽ ቁራጮች ሰልፍ ነው። ፍሬም ይሏቸዋል። በ44,100 ኸርዝ በተቀዳ ሙዚቃ አንዱ ፍሬም 1,152 ናሙና ይይዛል፣ ይህም 26 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ፍሬሞቹ እኩል መጠን ካላቸው ርዝመቱን ማስላት ቀላል ነው። ቢትሬቱ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚውለው የዳታ መጠን፣ እየተለዋወጠ የተቀዳ ከሆነ ግን አጫዋቹ አንድ በአንድ መቁጠር ሊኖርበት ነው። ከዚህ ጣጣ እንዲድን መጀመሪያው ፍሬም ውስጥ አጭር ማስታወሻ ይቀመጥለታል። ዚንግ ሄደር ይባላል። ስንት ፍሬም እንዳለ፣ ስንት ባይት እንዳለ፣ ወደ መሀል ለመዝለልም 100 ነጥብ ያለው ሠንጠረዥ ይይዛል። አጫዋቹ ይህን ያነብና ያምናል።

መቁረጫው ሲቆርጥ ይህ ማስታወሻ ከመጀመሪያው ዘፈን ጋር እንዳለ ቀረ። ሄደሩ አሁንም 68,906 ፍሬም ይላል፣ የ30 ደቂቃ ነው። ውስጡ ያለው 14,000 እንኳ አይሞላም። 100 ኪሎ ተብሎ የተጻፈበት ጆንያ ውስጥ 20 ኪሎ ጤፍ ብቻ ቀርቶ ጽሑፉን ያጠፋ ሰው እንደሌለ ቁጠሩት።

የቀሩት ዘፈኖችስ? እነሱ ደግሞ ጭራሽ ሄደር የላቸውም። አጫዋቹ ምን ያድርግ፣ የመጀመሪያውን ፍሬም ቢትሬት ያይና ሁሉም እንደዚያ ነው ብሎ ይገምታል። ዘፈኑ በጸጥታ ከጀመረ ያ ፍሬም 32 ኪሎቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። አማካዩ 128 የሆነ የ4 ደቂቃ ዘፈን 16 ደቂቃ ነኝ ይላል።

ድምፁ ላይ አንድም ችግር የለም። የተሳሳተው ግንባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ አበጠ። «የአንድ ምሽት ሥራ ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ሄደር የሚያስተካክል ነጻ ፕሮግራም አወረድኩ። ሙሉውን ፎልደር ሰጠሁት፣ 6,000 ፋይል ገደማ። ኮፒ አላደረግኩም። በአንድ ፋይል አልሞከርኩም። «ሁሉንም» የሚለውን ተጫንኩ። ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። ከፈትኩ፣ 30 ደቂቃ ይል የነበረው 6 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ብሏል። ለአለቃዬ «አለቀ» ብዬ መልእክት ላክሁ። እሑድ አሞራ ገደል ወርጄ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። እንዴት ጣፍጦኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ሰኞ ስለመጣ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ለበዓሉ የሚሆን ቄጣላ፣ የሲዳማን የባህል ዜማ፣ ሊመርጡ ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ጠሩኝ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነው። «ቄጣላ ከጉዱማሌ አደባባይ» የነበረው ርዕስ «ቄጣላ ከጉዱማሌ አ» ሆኗል፣ መጨረሻው ላይ ጥቁር የጥያቄ ምልክት ተለጥፎበት። ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ፋይል ከፈትን። ባዶ። ሌላም። ባዶ።

እኔ ስለ ሄደሩ ሳስብ የረሳሁት ነገር ነበር። የዘፈኑ ርዕስ፣ የዘፋኙ ስም፣ ማስታወሻው የሚቀመጡት ታግ በሚባለው ክፍል ነው። አዲሱ ዓይነት ታግ የሚገኘው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ፣ ከሄደሩም በፊት ነው። ፕሮግራሙ ያንን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ ጠርጎታል። የተረፈው ጫፉ ላይ ያለው የድሮው ታግ ብቻ ነው። እሱ 128 ባይት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ለርዕስ የተመደበው 30 ባይት። እዚህ ፋይሎች ላይ አንድ የፊደላችን ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ10 ሆሄ በላይ አይገባም። 9 ሆሄ እና ሁለት ክፍት ቦታ 29 ባይት በልተው፣ ቀጣዩ «ደ» አንድ ሦስተኛው ብቻ ገብቶ ቀረ። ያ ጥቁር ምልክት የ«ደ» ቁራጭ ነው።

ማስታወሻዎቹን የጻፉት ጋሼ ናቸው። በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን፣ ከሽፋኑ ያልተጻፈውን ደግሞ ከራሳቸው እየጨመሩ፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ሁለት ዓመት። ማን አዜመ፣ ማን ተቀበለ፣ የት ተቀዳ። ከሽፋኖቹ ብዙዎቹ በእርጥበት ተበልተው ተጥለዋል።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም።

«ዘፈኑማ አለ» አሉ፣ «ማን እንደዘፈነው ነው የጠፋው።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የስርጭት ክፍሉ ኮምፒውተር የራሱ ካታሎግ አለው። አዲስ ዘፈን ሲገባ ታጉን ያነብና ወደ ራሱ መዝገብ ይገለብጣል፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ደግሞ አያነብም። አንድ ሰው «አድስ» የሚለውን እስኪጫን ድረስ! ከተጫነ ባዶውን ታግ አንብቦ በደህናው ላይ ይጽፍበታል።

ሮጥኩ። የስቱዲዮው ቀይ መብራት በርቷል። አቅራቢዋ ቀጥታ ስርጭት ላይ ናት፣ አንድ እጇ ማውሱ ላይ ነው። በመስኮቱ ወረቀት አሳየኋት፦ «አትንኪ!» ደንግጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ። አድማጭ ምንም አልሰማም። በኋላ «ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎኝ ነበር» ብላ በጣም ስቃብኛለች።

ካታሎጉን ወደ ጽሑፍ ፋይል አወጣሁ። በሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። የጋሼ ማስታወሻ ከሞላ ጎደል ተገኘ። ካታሎጉ ውስጥ ያልገቡ 140 ያህል ነበሩ። እነሱን ጋሼ እያዳመጡ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብን። አንዳንዱን ዘፋኝ ሲያስል በሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ነበር የሚለዩት።

ሌላ ያልተነካ ፎልደር ነበር፣ ቃለ ምልልስና የሠርግ ዘፈን ያለበት፣ 2,000 ገደማ። እሱን በሌላ መንገድ ያዝኩት። በመጀመሪያ ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጬ ገመዱን ነቀልኩ። ከዚያ በኮፒው ላይ 10 ፋይል ብቻ መረጥኩ፣ ሆን ብዬ የማይመሳሰሉትን። ከመንካቴ በፊት ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ፕሮግራም የድምፁን ክፍል ብቻ፣ ታጉን ሳይጨምር፣ አሻራ አወጣሁ፣ ከይዘቱ የሚሰላ አጭር ኮድ ማለት ነው። ድምፁ ካልተለወጠ አሻራውም አይለወጥም። ሄደሩን ፉባር2000 በሚባል አጫዋች አስተካክዬ አሻራውን እንደገና አወጣሁ። 9ኙ ገጠሙ። ታጋቸውም አለ።

10ኛውን ግን አስቀድሜ ነበር ወደ ጎን ያወጣሁት። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ስመለከት ኤምፒስሪ አይደለም። «ኤፍቲዋይፒ» የሚሉት ፊደላት ከፊት ተቀምጠዋል፣ ኤምፒፎር የሚባል ሌላ ዓይነት ፋይል ነው። በስልክ የተቀዳ ቃለ ምልልስ ነው፣ አንድ ሰው የፋይሉን ስም መጨረሻ በእጁ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሮታል። ሄደር አስተካካይ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ የማያውቀውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ሊቆርጠው ይችላል።

ይህን ሳይ ቅዳሜ ማታ ትዝ አለኝና ብርድ ብርድ አለኝ። ወደ መጀመሪያው ፎልደር ተመልሼ ፈለግኩ። እንዲህ ዓይነት 3 ፋይሎች ነበሩበት። ሲከፈቱ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አንዱን ከቀዳው ልጅ ስልክ ላይ አገኘነው። ሁለቱ የሉም።

ለፍቼ ጨምበላላ ደረስን። ቀን ቆጣሪዎቹ የሲዳማ ሽማግሌዎች፣ አያንቱዎቹ፣ ከዋክብቱን አይተው ቀኑን ቆርጠው ነበር፣ ቄጣላውም ተሰማ፣ ዘበኛውም አልደወሉም።

ጋሼ ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። ክምችት ክፍል ገብቼ ኪቦርዱን ስስብ ከወንበራቸው ይነሳሉ። የውጭውን ዲስክ ይነቅላሉ፣ ገመዱን ይጠቀልላሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብለው፦

«ስትጨርስ ንገረኝ፣ ሻይ ቤት ነኝ።»