ከአዳማ ሐዋሳ በብስክሌት፦ ፓምፑ ማን ጋ ነው?

ከአዳማ ሐዋሳ በብስክሌት ለመሄድ የተነሳ ቡድን ገና ሳይንቀሳቀስ መልስ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ፓምፑ ማን ጋ ነው? ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጉልበተኛው ነው፤ ጉልበተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ይቀድማል። ጎማ የተነፈሰበት ጓደኛ ከኋላ ግራር ሥር ተቀምጦ ስልክ ሲደውል ፓምፑ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዷል። ስለዚህ ፓምፑ፣ ማስቲሹና ትርፍ ካላማዳሪው መጨረሻ ላይ ከሚሄደው ሰው ጋ ይሁን። ከእሱ ኋላ የሚቀር ስለሌለ፣ ማንም ቢቆም መሣሪያው ራሱ ይደርስለታል።

መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ አድርጎ 225 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በፈጣን መንገዱ ብስክሌት አይገባም፤ የምናወራው ስለ ነባሩ አስፋልት ነው። ሦስት ቀን ይበቃል፦ መጀመሪያ ባቱ፣ ቀጥሎ ላንጋኖ፣ ከዚያ ሐዋሳ። የመጀመሪያው ቀን ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ብዙው ሜዳ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ፀሐዩ ሳይበረታ ብዙውን መጨረስ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነፋሱ ይነሳል። አዳማ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከአራት ሊትር አይነስ። የሐይቁ ውሃ ቅርብ ነው ብሎ መተማመን አይገባም፤ የአብጃታና የሻላ ውሃ ጨዋማ ሶዳ ነው፣ የዝዋይም ቢሆን ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣም።

አሁን ወደ እሾሁ። ከመቂ ወዲያ መንገዱን የሚያጅበው ግራር ጥላው ደስ ይላል፣ እሾሁ ግን አይምርም፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ረጅሙ የጣት ያህል ነው። አስፋልቱን እስካልለቀቁ ድረስ ብዙ አያገኝም። የሚያገኘው ለእረፍት ብስክሌቱን እየገፉ ዛፉ ሥር ሲገቡ ነው። ተሸክማችሁት ግቡ፤ ክብደቱ ለአንድ ደቂቃ ነው።

ከተወጋ በኋላ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ችኮላ ነው። የእሾሁ ጫፍ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ አዲስ ካላማዳሪ ገብቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና የሚተነፍሰው በዚህ ነው። የጎማውን ውስጥ በናይለን ካልሲ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ጣት ያላገኘውን ስባሪ ክሩ ይይዘዋል፣ ካልሲው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስባሪውን በወረንጦ ወይም በፒንሳ ከውስጥ ሳቡት። ካላማዳሪውን ነፍታችሁ ቀዳዳውን በውሃ ፈልጉ፣ ካገኛችሁት በኋላ አድርቁት፣ ከልጣፊው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና አምስት ደቂቃ ተዉት፤ ማብረቅረቁ ጠፍቶ በጣት ሲነካ የማይጎተት ሲሆን ነው ልጣፊው የሚያርፈው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ በሙቀቱ ይንሸራተታል። ጎማውን መልሳችሁ ስታስገቡ የመጨረሻውን ክፍል በአውራ ጣት ግፉት፤ ካቻቢቴ ካላማዳሪውን ቆንጥጦ ሌላ ቀዳዳ ያወጣል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ቸርኬው ጉድጓድ ላይ ካላማዳሪውን ቆርጦታል።

ጎሚስታ በየከተማው አለ። ሆኖም የእሱ ኮምፕሬሰር ለአይሱዙና ለሲኖትራክ ጎማ የተዘጋጀ ነው። ወፍራሙ የብስክሌት ጎማ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ ያ ደግሞ በኮምፕሬሰር በጥቂት ሰከንድ ይሞላል። «ወንድሜ፣ ቆረጥ ቆረጥ አድርገህ» በሉት፣ በየመሃሉም ጎማውን ጨበጥ አድርጋችሁ እዩ። ቀጭን የነፋስ አፍ ያለው ካላማዳሪ በጎሚስታ መሣሪያ ያለ ማገናኛ አይነፋም፤ ከአዳማ ሳትወጡ ማገናኛውን ያዙ።

የኋላ ጎማ ሽቦ መሰበር ሁለተኛው የተለመደ ጣጣ ነው። የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በካቴናው በኩል፣ ሸክም በበዛበት ብስክሌት ላይ ነው። የተሰበረውን ከጎረቤቱ ሽቦ ጋር በፕላስተር እሰሩት። ቸርኬው ወደ ግራ ስለሚጎተት ግራና ቀኙ ያሉትን የግራ በኩል ሽቦዎች ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ፣ ፍሬኑ አሁንም የሚነካ ከሆነ የኋላውን ፍሬን ክፈቱና በፊተኛው በዝግታ እስከሚቀጥለው ከተማ ሂዱ። ሸክሙን ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ እሰሩት። ሲባጎ ይላላል፣ ጫፉም ጎማው ውስጥ ይገባል።

መንገድ ላይ የሚገናኙን ከጎማው ባልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋሉ። ከብት ሲሻገር ከፊቱ ለማለፍ መሞከር አያዋጣም፤ በጭራው በኩል ዙሩ። በግ ከሆነ አንዱ ከተሻገረ ሁሉም ይከተላል፣ ቆማችሁ ጠብቁ። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በቀኙ በኩል በፍጹም አትግቡ። ውሻ ከተከተላችሁ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከል አድርጉ፤ አብዛኛው ሲቆሙለት ይተዋል። ልጆች ሮጠው ይመጣሉ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው ልብ ይገዛል፣ ዝም ብሎ ያለፈ ግን አንዳንዴ ድንጋይ ይከተለዋል። ይህን ቃል የቡድኑ አባል ሁሉ ሳይነሳ ቢለምደው ደስ ይለኛል፤ መንገዱ የእነሱ ሰፈር ነው።

እርስ በርስም ተጠንቀቁ። ከኋላ ያለው የፊት ጎማ ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጋር ከተነካካ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ነው። በመካከል አንድ ሙሉ የብስክሌት ርዝመት ይኑር፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ ገፍቶ ቀጥሎ ስለሚስብ ይህን እጥፍ አድርጉት።

ዳገቱ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር አካባቢ ሲሆን አርሲ ነጌሌ 2,000 ሜትር ያልፋል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፤ እየረገጡ ሲቀይሩት ካቴና ይበጠሳል። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ፍሬን ይዞ መቆየት የፍሬኑን ሸራና ቸርኬውን ያግላል፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ።

ለመመለስ ብስክሌቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ፔዳሎቹም ይፈቱ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፤ የግራው ግን የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፣ በተለመደው አቅጣጫ ከታገሉት ይብስ ይጠብቃል።