እሳትን በአፈር መቅበር ማጥፋት አይደለም

ድንኳን ተክሎ ደን ዳር ለሚያድር ሰው እሳት እንዴት እንደሚነድ የሚነግረው አይጠፋም፤ እንዴት እንደሚጠፋ በትክክል የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። ለእኔ የተነገረኝ መመሪያ ስሕተት ስለነበር ሌላው ሰው ሳይደርስበት ልጽፈው ወደድሁ።

ዝግጅቱ ብዙ አያደክምም። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ የባሕር ዛፍ ደን ጫፍ፣ ቅርንጫፍ ያላጠላበት ገላጣ ቦታ መረጥን፤ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ጠርገን መካከሉን ማስን። ድንጋዩን ከወንዝ አላመጣንም፤ ውሃ የሰረገበት ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ለማገዶ ግራር ገዛን፣ ፍንጣሪው የሚበዛውን ጥድ ተውን፣ ቤንዚን አላስጠጋንም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችም ውሃ ሞልተን አጠገባችን አኖርን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለበት፣ ቅርፊቱም እየተላጠ ከሥሩ የሚከመር በመሆኑ፣ በበጋ ነፋስ እንዲህ ባለ ስፍራ ከጉልበት ከፍ ያለ እሳት ማንደድ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ልንተኛ ስንል ነው። ውሃውን ልናፈስ ስንነሣ የስፍራው ኃላፊ መጥቶ ከለከለን፤ በመግቢያው በር ላይ የተለጠፈው መመሪያ እሳቱ በአፈር ይሸፈን እንደሚል፣ ውሃም ለመጠጥ እንጂ ለአመድ እንዳልሆነ ነገረን። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ የሚያዳፍኑት እስኪነጋ እንዲቆይላቸው እንጂ እንዲጠፋ አይደለም፤ የታዘዝነውም ፍሙን አዳፍኖ ማሳደር ነው ብዬ ተከራከርሁ። መመሪያውን የማይቀበል ቦታውን ይልቀቅ አለ። በዚያ ሰዓት ልጆችን ይዘን የምንሄድበት ስላልነበረን አፈር አለበስነው።

ሊነጋጋ ሲል የጭስ ሽታ ቀሰቀሰን። ጭሱ የሚወጣው ከጉድጓዱ አልነበረም፤ ክንድ ከሚያህል ርቀት ላይ፣ ሣር ከሸፈነው መሬት ውስጥ ነበር። ስንቆፍር ቀደም ሲል የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሥር አገኘን፤ ደረቁ ሥር ከአፈሩ በታች ቀስ እያለ እየነደደ ወደ ቅርፊቱ ክምር አቅጣጫ ይሄድ ነበር። እሳት ያለ ነበልባል በጥቂት አየር ሥር ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ በላዩ ያለው አፈር ሙቀቱን ይይዝለታል። ሥሩን ተከትለን እየቆፈርን፣ በየደረስንበት ውሃ እያፈሰስን፣ እንፋሎቱ እስኪቆም ሠራን፤ የመጠጥ ውሃችንም በዚሁ አለቀ። ኃላፊው ነግቶ ሲመጣ ያየው ጭሱን ሳይሆን የተቆፈረውን ሣር ነበር፤ ስማችንን መዝግቦ ገሠጸን። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ ምክሬ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ይቃረናል። ከመኝታ በፊት ማገዶ መጨመር አቁሙና ግንዱ አመድ እስኪሆን ጠብቁ፤ ውሃ አፍስሱ፣ በዱላ አማስሉ፣ ድንጋዮቹን ገልብጡ፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ወደ አመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ካልተሰማችሁ ንኩት። ለብ ካለ አልጠፋም። ውሃ ካለቀባችሁ አፈር የሚያግዘው ከፍሙ ጋር ተደባልቆ ሲታሸ ነው፤ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ሲለብስ ግን ያቆየዋል። በጀሪካን የሚበቃ ውሃ ያልያዘ ሰው ባያነድ ይሻላል። ለብርድ ብላችሁም የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

አጥብቄ የምናገረው የደን እሳት አንዴ ከተነሣ ደጋ ላይ የሚደርስለት ስለማይገኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ገበሬው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከርሞ፣ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት ባለሙያዎች መምጣት አስፈልጓቸዋል።

ለስፍራው አስተዳደር መመሪያው እንዲታረም በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ደብዳቤዬን ተቀብለው ማኅተም አሳረፉበት። ወረቀቱ ግን አሁንም በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው።