ፒ50ን በአዲስ አበባ ከፍታ መለካት

አዲስ አበባ ላይ የደምን ፒ50 ስለካ ከሁሉ በፊት የማነበው ባሮሜትሩን ነው። ፒ50 ሄሞግሎቢን በኦክስጅን ግማሽ ድረስ የሚሞላበት ግፊት ነው፤ በጤናማ አዋቂ ደም፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በፒኤች 7.40፣ 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይሆናል። መመሪያዎቹ በብዛት የተጻፉት በባሕር ጠለል ለሚሠራ ሰው ስለሆነ በደሙ ላይ የሚያልፍ 5.6 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ጋዝ ያዛሉ። እዚያ ልክ ነው፦ ከአየር ግፊቱ 760 ላይ የውሃ ተን ግፊት 47 ሲቀነስ 713፣ የዚህ 5.6 በመቶ 40፤ ይህም የጤናማ ደም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው። እኛ ጋ የአየር ግፊቱ 578 ገደማ ነው። 47 ተቀንሶ 531 ይቀራል፤ ያው ሲሊንደር የሚሰጠው 30 ብቻ ነው። 40 ለማግኘት 7.5 በመቶ ያስፈልጋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያንስ ፒኤቹ ወደ 7.48 ይወጣና ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዛል። ፊዚዮሎጂስቱ ክርስቲያን ቦር ከሃሰልባልክና ከክሮግ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1904 ኮፐንሃገን ውስጥ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ፒ50ው ከ27 ወደ 24.5 ግድም ይወርዳል። ክፋቱ ስህተት አለመምሰሉ ነው፤ የደገኛ ደም ኦክስጅን አይለቅም የሚያሰኝ ያማረ ግኝት ይመስላል።

የምሠራው በቅልቅል ዘዴ ነው፤ ኦክስጅን የሌለው ደምና ኦክስጅን የሞላው ደም እኩል ሲቀላቀሉ ሄሞግሎቢኑ ግማሽ ይሞላል፣ ያኔ የሚነበበው የኦክስጅን ግፊት ፒ50 ነው። 8 ሚሊ ሊትር ደም ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በደረቅ ሄፓሪን እቀዳለሁ፤ ፈሳሹ ሄፓሪን ሲበዛ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ፒኤቹንም ያወርዳል። 3 ሚሊ ሊትር በአንድ ቶኖሜትር (ደሙን ከጋዝ ጋር የሚያመጣጥን ዕቃ)፣ 3 በሌላው፣ በ37 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ። ለአንደኛው 7.5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በናይትሮጅን፤ ለሁለተኛው በዚያው ላይ 30 በመቶ ኦክስጅን። ጋዙ አስቀድሞ በሞቀ ውሃ ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ደሙን ያደርቀዋል። በደሙ ውስጥ ማንፎልፎል አያስፈልግም፤ አረፋ ያስነሳል፣ ሕዋሳቱንም ያፈነዳል። ደሙ ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ጋዙ ላዩ ላይ ቢያልፍ ይበቃል። ኦክስጅን የሌለው ደም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የኦክስጅን ግፊት ካሳየ አልቀላቅልም፤ ቱቦ ይተነፍሳል ወይም ጊዜው አልበቃም።

ኦክስጅኑን 92.5 በመቶ ማድረግ ሙሉ ሙሌት ስለሚሰጥ ያጓጓል። ግን ግፊቱ 491 ሲደርስ በደሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በ100 ሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ሊትር ይጠጋል፤ ሲቀላቀል ይህ ወደ ሄሞግሎቢኑ ይሄድና 50 በመቶ ያልነው 53 ይሆናል። በ30 በመቶ ግፊቱ 159፣ ሙሌቱ 99 በመቶ ያህል ነው፤ የጎደለው አንድ በመቶና የተሟሟው ትርፍ ተቻችለው 50.3 አካባቢ ላይ ያርፋሉ።

ቅልቅሉ በብርጭቆ ስሪንጅ ነው፤ ፕላስቲክ ኦክስጅን ያሳልፋል። ከአንዱ ደም 1 ሚሊ ሊትር፣ ከሌላው 1 ሚሊ ሊትር፣ የአየር አረፋ ሳይገባ። የስሪንጁ አፍንጫ 0.05 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ቀድሞ የገባው ደም በዚያ መጠን ይበልጣል፣ ውጤቱም በግማሽ ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ስለዚህ ሁለት ስሪንጅ እሠራለሁ፤ በሁለተኛው ቅደም ተከተሉን ገልብጬ አማካዩን እወስዳለሁ። የቀደሙት ሰዎች ለማማሰያ ጠብታ ሜርኩሪ ይጨምሩ ነበር፤ ትንሽ የብረት ቀለበት ያው ነው፣ መርዙም የለበትም። አንድ ደቂቃ በመዳፍ መካከል አሽከርክሬ ወዲያው ግፊቱንና ፒኤቹን አነባለሁ።

ፒኤቹ 7.40 ላይ ካልዋለ በሎጋሪዝም አርማለሁ፤ ለእያንዳንዱ የፒኤች አሃድ 0.48። ለምሳሌ 31 ሚሊ ሜትር በ7.30 ከተነበበ፣ በ7.40 27.8 ይሆናል። ሙቀት ደግሞ በአንድ ዲግሪ 0.024 ነው፤ የኤሌክትሮዱ ክፍል 38 ላይ ከዋለ ፒ50ው በአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ልክ እንደ ሲሊንደሩ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታሉ። ደሙ በቆየ ቁጥር ቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለው 2፣3-ዲፒጂ፣ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን እንዲለቅ የሚረዳው ንጥረ ነገር፣ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በረዶ ላይ አቆይቼ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጨርሳለሁ። የሲጋራ አጫሽ ወይም በማገዶ ጭስ ውስጥ የሚያበስል ሰው ሄሞግሎቢን ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል። ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር ይህን አይለይም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ለይቶ በሚያነብ መሣሪያ፣ በኮ-ኦክሲሜትር፣ መለካት አለበት። ሦስቱ ስህተቶች አቅጣጫቸው አንድ ስለሆነ እርስ በርሳቸው አይቻቻሉም፤ ይደማመራሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጥያቄው ራሱ ጠባብ ስለሆነ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ነበር፤ ከቆላ ሰው ብዙ አይለይም። ምክንያቱ ደሙ ኦክስጅንን አጥብቆ መያዙ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ ያለ ልክ የታዘዘ ሲሊንደር ያንኑ ያህል ይሰጠዋል። እዚያ ተራራ ላይ ባሮሜትሩ 500 አካባቢ ስለሚያነብ መሣሪያውን ይዞ የሚወጣ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 8.8 በመቶ ያሳድግ።